ሁሉም በአንድ ሰዓት የሚፈልገው ገጽ

ፊልቱ ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ዛሬ የማወራው አብዛኛው ነገር ቁጥር ስለሆነ፣ ቁጥር ስጠራ ቀስ እላለሁ።

ጥር 2015 ዓ.ም. ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ወጣ። ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተሰብስበው የተፈተኑበት ዓመት ነው። ከ896,520 ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ስለ ትምህርት ጥራት ያኔ ብዙ ተባለ፤ መባልም ነበረበት። እኔን ግን ከዚያ ጎን ሌላ ጉዳይ ያሳስበኛል። ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ የሚጠጋ ወጣት በተቀራረበ ሰዓት አንድ ዓይነት ነገር ፈለገ። እናት፣ አባት፣ ታላቅ ወንድም፣ ጎረቤት ሳይቀር ስልኩን ይዞ አብሮ ሞከረ። ውጤት የሚታይባቸው መንገዶች ድረ ገጹ፣ የ6284 አጭር መልእክትና የቴሌግራም ቦቱ ነበሩ። እንዲህ ባለ ቀን አንድ ሰርቨር ምን እንደሚገጥመው አብረን እናስላ።

ሰርቨር ጥያቄ እስኪመጣለት ተቀምጦ የሚጠብቅ ኮምፒውተር ነው። ስልካችሁ ገጹን ሲጠይቀው አንድ ቅጂ አዘጋጅቶ ይልካል። አንድ የውጤት ገጽ ከነአርማው፣ ከነሥዕሉ፣ ከነፕሮግራሙ ግማሽ ሜጋባይት ይመዝናል እንበል። እያንዳንዱ ተፈታኝ አንድ ጊዜ ብቻ ቢከፍተው ከሰርቨሩ 448 ሺህ ሜጋባይት ገደማ መውጣት አለበት። ሰርቨሩ በሰከንድ አንድ ጊጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር ቢኖረውና መስመሩ ለአፍታ እንኳ ሥራ ባይፈታ፣ ይህን ልኮ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ታዲያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞክር ማን አለ? ገጹ ሲዘገይ ልጁ ደግሞ ይነካዋል፤ ሲዘገይ ደግሞ ይነካዋል። አሥር አሥር ጊዜ ቢሞክሩ የአንድ ሰዓቱ ሥራ የአሥር ሰዓት ሥራ ይሆናል። ከዚህም የከፋው፣ ጠያቂው ተስፋ ቆርጦ ቢተወውም ሰርቨሩ ያንን ጥያቄ ለማስተናገድ ጉልበቱን አውጥቶበታል። ሥራው ይሠራል፣ ማንም ግን ምንም አያገኝበትም። ሰርቨሩ እጅግ የሚደክመውም፣ ለጥቂት ሰው ብቻ የሚደርሰውም በዚያችው ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ግማሽ ሜጋባይቱ ውስጥ ገብተን እንይ። የአንድ ተማሪ የራሱ የሆነው ስንቱ ነው? ስሙ፣ የመፈተኛ ቁጥሩ፣ የየትምህርቱ ነጥብ፤ ሁሉ ተደምሮ መቶ ባይት ገደማ ነው። ይህ ከገጹ አምስት ሺህኛው ነው። የቀረው ለሁሉም አንድ ነው። አርማው አንድ ነው፤ ቀለሙ አንድ ነው፤ ማብራሪያው አንድ ነው። ሰርቨሩ ያንን አንድ ነገር ዘጠኝ መቶ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ይልካል።

የቦረናን የቱላ ጉድጓዶች አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ውኃው ከጥልቁ የሚወጣው ሰው ከሰው በላይ ቆሞ፣ መቅጃውን እየተቀባበለ፣ እያዜመ ነው። ከብቱ የሚጠጣው አባ ሄሬጋው ባወጣው ተራ ነው። መንጋው በእጥፍ ሲጨምር የቀጂው ድካምም በእጥፍ ይጨምራል። ኢንተርኔት ዛሬ ገጽ የሚያድለው በዚሁ በጉድጓድ ሕግ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጠጪ አንድ መቅጃ። ዝናብ ግን ሌላ ሕግ አለው። አንድ ጊዜ ይዘንባል፤ ከሥሩ አሥር ግመል ይኑር አሥር ሺህ ለደመናው ልዩነት የለውም። እኔ የምለው፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት የሚፈልገው ነገር በዝናብ ሕግ ይላክ ነው። ጉድጓዱ ለብቻ ለሚፈለገው ነገር ይቆይልን።

ይህ ሐሳብ በኮምፒውተር ዓለም መልቲካስት ይባላል። መሠረቱን የጣለው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ስቲቭ ዲሪንግ ነው፤ ዛሬም የሚሠራበት ደንብ በእርሱ ስም የታተመው በነሐሴ 1989 እ.ኤ.አ. ነው። በተራው አሠራር እያንዳንዱ የኢንተርኔት አድራሻ የአንድ መሣሪያ ነው። ዲሪንግ ከ224 እስከ 239 ባለው ቁጥር የሚጀምሩት አድራሻዎች የማኅበር አድራሻ እንዲሆኑ አደረገ። ላኪው ወደዚያ አድራሻ አንድ ጊዜ ይልካል። መቀበል የሚፈልግ መሣሪያ አጠገቡ ላለው ራውተር፣ ማለትም መልእክትን ወደሚሄድበት ለሚመራው መሣሪያ፣ «እኔም ከዚህ ማኅበር ነኝ» ብሎ ይናገራል። ራውተሩ ከበላዩ ላለው ራውተር ይነግራል፤ እንዲህ እያለ ወሬው እስከ ላኪው ይደርሳል።

መስመሩ የመኪናውን መንገድ ተከትሎ ይወርዳል ብለን እናስብ። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ የሚጓዘው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ሐዋሳ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ እዚያው ይቀራል፣ አንዱ ወደ ነገሌ ይቀጥላል። ነገሌ ላይ ደግሞ አንዱ እዚያው ይቀራል፣ አንዱ ወደ ፊልቱ ይቀጥላል። ከፊልቱ ወዲያ ዶሎ ኦዶ ላይ ጠያቂ ከሌለ ወደዚያ አንዲት ፊደል አትሄድም። ቅጂ የሚበዛው መንገዱ በሚከፈልበት ቦታ ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ከአንድ በላይ አይልክም። እዚህ ላይ የዝናቡ ምሳሌ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ዝናብ ያልፈለገውንም ይመታል፣ መልቲካስት ግን የሚደርሰው እቃውን ለዘረጋ ብቻ ነው።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ አልቀረም። በ1992 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በኢንተርኔት ላይ የመልቲካስት መረብ ዘርግተው ስብሰባቸውን በድምፅ አስተላለፉበት፤ በኅዳር 1994 እ.ኤ.አ. የሮሊንግ ስቶንስ ኮንሰርት ከፊሉ በዚያው መረብ ተሰራጨ።

ወደ አገራችን ልመለስ፤ ከአንድ ወደ ብዙ መላክን እኛ ኢትዮጵያውያን በብዙ ትምህርት ቤቶች ሞክረነዋልና። በ1997 ዓ.ም. በመቶዎች በሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍል ውስጥ ፕላዝማ የሚባለው ቴሌቪዥን ተተከለ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይለቀቅ ነበር። በዚያው ዘመን ወረዳኔት የተባለው መረብ የወረዳ አስተዳደሮችን በሳተላይት ያገናኝ ጀመር። ፕላዝማውን ዛሬ ብዙ ሰው በትችት ነው የሚያነሣው። እዚህ ካላችሁት በዚያ ዘመን የተማራችሁ ትዝ ይላችኋል፤ የማያቋርጥ አስተማሪ፣ የሚሮጥ እንግሊዝኛ፣ «አንድ ጊዜ ቆይልኝ» ሊባል የማይችል ማያ። መብራት ለአሥር ደቂቃ ከጠፋ የአሥር ደቂቃው ትምህርት ለዘላለም ሄደ። የክፍሉ መምህር በራሱ ክፍል ውስጥ እንግዳ ሆነ።

ትችቱን እቀበለዋለሁ። ነገር ግን አብሮ ሊጠፋ የማይገባው አንድ ታላቅ ነገር ነበረ። ያ ሳተላይት አዲስ አበባ መካከል ላለው ትምህርት ቤትና በቆላው ጫፍ ላለው ትምህርት ቤት እኩል በሆነ ጥራት፣ በዚያችው ሰከንድ ይደርስ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ሲጨመር የላኪው ወጪ አይጨምርም ነበር። ከአዲስ አበባ የሚወጣ ነገር ሩቁ ጋ ደክሞ፣ ተቆራርጦ፣ አርጅቶ በሚደርስበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጎደሉት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ መደጋገምና ማስቀመጥ። ያመለጠው ተመልሶ አይመጣም፤ የመጣው ደግሞ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ለመደጋገሙ ጉዳይ መድኃኒቱ ከፕላዝማው ሠላሳ ዓመት ቀድሞ ተገኝቶ ነበር።

በመስከረም 1974 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ሲፋክስ የሚባል አገልግሎት ጀመረ። ከቴሌቪዥኑ ሥዕል ጋር የተደበቁ የጽሑፍ ገጾች ይላካሉ፤ ዜና፣ የአየር ሁኔታ፣ የኳስ ውጤት። ገጾቹ ተራ በተራ እየተላኩ አልቀው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። ተመልካቹ የገጹን ቁጥር ሲጫን ቴሌቪዥኑ ወደ ማንም ጥያቄ አይልክም። ገጹ በዙሩ እስኪመጣ ይጠብቅና ሲያልፍ ይይዘዋል። ሚሊዮኖች ያዩት ነበር፤ እነርሱን ለማገልገል ግን የሚሊዮን ሰው ጥያቄ የሚቀበል ማሽን አላስፈለገም። እስከ ጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ ሠራ።

የሲፋክስ ዓይነት ዙር እንዴት ቢደራጅ ይሻላል የሚለውን ጥያቄ በሒሳብ ከመረመሩት አንዱ ሙስጠፋ አማር ነው። ዎንግ ከሚባል ተመራማሪ ጋር ስለ ቴሌቴክስት፣ ማለትም ስለ ሲፋክስ ዓይነት አገልግሎት፣ ዙሮች የጻፈው ጥናት በ1985 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዚያም አትላንታ በሚገኘው በጆርጂያ ቴክ ሆኖ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ከኬቨን አልሜሮትና ከዞንግሚንግ ፌይ ጋር ያንኑ ሐሳብ ወደ ድረ ገጾች አመጣው። እጅግ የሚፈለጉት ገጾች በአንድ የመልቲካስት አድራሻ ላይ ያለማቋረጥ ይዙሩ፤ ፈላጊው ወደ ማኅበሩ ይግባ፣ አንድ ዙር ያዳምጥ፣ ይውጣ። በመካከል የጠፋበት ካለ በሚቀጥለው ዙር ያገኘዋል፤ «ድገምልኝ» ብሎ ሰርቨሩን ማስቸገር የለበትም። ጥቂት ሰው የሚፈልጋቸው ገጾች እንደ ድሮው በተራ ጥያቄ ይሂዱ። ሰርቨሩ ለአሥር ሰውም ለአንድ ሚሊዮን ሰውም የሚደክመው እኩል ነው።

አንድ ችግር ይቀራል። ገጽ በኔትወርክ ላይ የሚሄደው ፓኬት ተብሎ በሚጠራ ትንንሽ ቁራጭ ተከፋፍሎ ነው፤ ደመና ሲከብድ ወይም ነፋስ ዲሹን ሲነካው የተወሰነው ይጠፋል። አንዱን የጠፋ ቁራጭ ለማግኘት ሙሉ ዙር መጠበቅ ያስመርራል። ለዚህ የተገኘውን መፍትሔ በሁለት ቁጥሮች ላሳያችሁ፤ ተማሪዎች፣ ጻፉት። ልልክላችሁ የምፈልገው 7 እና 4 ነው። 7ን እልካለሁ፣ 4ን እልካለሁ፣ ሦስተኛ ደግሞ ድምራቸውን፣ 11ን እልካለሁ። ከሦስቱ የትኛውም አንዱ ይጥፋ። 4 ቢጠፋ ከ11 ላይ 7 ቀንሱ፤ 7 ቢጠፋ ከ11 ላይ 4 ቀንሱ። የትኛው እንደጠፋባችሁ እኔ ማወቅ አያስፈልገኝም። በዚህ አዳራሽ የእያንዳንዳችሁ የተለያየ ቁጥር ቢጠፋባችሁ እንኳ ያቺ አንዲት 11 ሁላችሁንም ታድናለች። ተመራማሪው ማይክል ሉቢና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ይህን ለሺህ ቁራጮች በሚሆን መልኩ አቀረቡት፤ ሉቢ በ2002 እ.ኤ.አ. ይበልጥ አሻሻለው። ተቀባዩ ከሚፈሰው ውስጥ የትኛውንም በቂ ያህል ከያዘ፣ ከመካከልም ይጀምር ከመጨረሻ፣ ሙሉውን መልሶ ይገጥማል። ትምህርቱ ሲጀመር መብራት የሌለው ትምህርት ቤት መብራቱ በመጣ ሰዓት መሰብሰብ ይጀምራል ማለት ነው። ፕላዝማው ይህ ኖሮት ቢሆን ኖሮ ስንት ትምህርት ባልባከነ።

አሁን ወደ ፈተናው ውጤት እንመለስ። ለ896,520 ተማሪዎች መቶ መቶ ባይት ብንመድብ የአገሪቱ ሙሉ ውጤት 90 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ የስልክ ቪዲዮ ያህል ማለት ነው። ይህን በሳተላይት በሰከንድ ሁለት ሜጋቢት ብንለቀው፣ ያም አንድ ተራ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሊወስደው የሚችለው ቦታ ነው፣ የአገሩ ውጤት ሁሉ በስድስት ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለ አንድ መቀበያ ኮምፒውተር ይዞ ያስቀምጠዋል፤ ተማሪው በግቢው ዋይፋይ የራሱን ያያል። የማንም የኢንተርኔት መስመር አይጨናነቅም፤ የማንም የሞባይል ዳታ አያልቅም። በጉድጓዱ ሕግ አንድ ሰዓት፣ ሲደጋገም አሥር ሰዓት የሚፈጀው ሥራ በዝናቡ ሕግ ስድስት ደቂቃ ሆነ።

ወላጆች ሳትጠይቁኝ ልመልስ፤ የልጄን ውጤት አገር ሁሉ ይየው ወይ? አይየውም። የእያንዳንዱ ተማሪ መስመር ለብቻው ይቆለፋል፤ ቁልፉም ከመፈተኛ ቁጥሩና በፈተናው ቀን በወረቀት ከሚሰጠው ምሥጢራዊ ቁጥር ይሠራል። ምሥጢሩ ረጅም መሆን አለበት። አራት አኃዝ ብቻ ከሆነ ያለው አማራጭ አሥር ሺህ ነው፤ ፋይሉን በእጁ ያስገባ ሰው በኮምፒውተር አሥር ሺሁንም ወዲያው ይሞክረዋል። ፋይሉ በሙሉ ደግሞ በፈታኙ መሥሪያ ቤት ዲጂታል ፊርማ ይፈረም፤ ማንም ሐሰተኛ ውጤት ቢለቅ መቀበያው ፊርማውን አይቶ ይጥለዋል። ይህን የማነሣው፣ ዛሬ በድረ ገጽ አድራሻ አጠገብ የምናያት የቁልፍ ምልክት ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለብቻ የተቆለፈ ቅጂ ስለምትሠራ ነው። በዚያ መንገድ የተቆለፈ ገጽ ለሁለት ሰው ሊያገለግል አይችልም። ለሁሉም የሚሆን ነገር በፊርማ፣ የግል የሆነው በራሱ ቁልፍ ይጠበቅ፤ ሁለቱን ካልለየን መልቲካስት አይታሰብም።

ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆነ ዓለም ለምን አልተጠቀመበትም? በድርጅቶች ውስጥ ተጠቅሞበታል። የአክሲዮን ገበያዎች ዋጋ ለደላሎች የሚያደርሱት በመልቲካስት ነው፤ በብዙ አገር የቴሌኮም ኩባንያዎች ቴሌቪዥንን በኢንተርኔት መስመር ወደየቤቱ የሚያሠራጩት በእርሱ ነው። ከኩባንያ ወደ ኩባንያ መሻገር ግን አቃተው። ራውተሮች የእያንዳንዱን ማኅበር መዝገብ መያዝ አለባቸው፤ አንድ ቅጂ ገብቶ ሺህ ቅጂ ሲወጣ ማን ለማን ይክፈል የሚለውም መልስ አላገኘም፤ ማንም ተነሥቶ ወደ ማኅበሩ ቆሻሻ እንዳይልክ መከላከልም ከባድ ሆነ። ሰዎችም በአንድ ሰከንድ አይጠይቁም፤ አንዱ ዛሬ ጠዋት፣ አንዱ ማታ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ከኤምአይቲ የወጡት ቶም ሌይተንና ዳንኤል ሌዊን አካማይ የተባለውን ኩባንያ ሲመሠርቱ ሌላ መንገድ ከፈቱ፤ የገጹን ቅጂ በዓለም ዙሪያ ለተጠቃሚው ቅርብ በሆኑ ሰርቨሮች ማስቀመጥ። ዛሬ የምታዩት ቪዲዮ ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ነው የሚመጣላችሁ።

ያ መንገድ መልካም ነው፤ ቅጂው እውነት ቅርብ ከሆነ። ለፊልቱ ግን ቅርብ የሚባለው ከተማ ራሱ ሩቅ ነው። ጠባቡ ደግሞ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ከሞባይል አንቴናው እስከ ስልካችሁ። እዚህ ላይ የሚያስቆጨኝን ልንገራችሁ። በአንድ አንቴና ሥር ያሉ መቶ ስልኮች አንድ ገጽ ቢጠይቁ አንቴናው ያንኑ ገጽ መቶ ጊዜ በአየር ላይ ይልከዋል። የሬዲዮ ሞገዱ ግን በአየር ላይ ተበትኖ ለመቶውም የሚደርስ ነው! በተፈጥሮው የዝናብ የሆነውን ነገር በጉድጓድ ሕግ እየቀዳን ነው። በ4ጂ ደንብ ውስጥ አንድ ጊዜ ልኮ ለብዙ ስልክ የማድረስ ክፍል ተጽፏል፤ የተጠቀሙበት ኩባንያዎች ግን በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ ወደ ጣሪያችሁ ተመልከቱ ነው የምለው። በፊልቱና በነገሌ ጣሪያ ላይ የቆመው ዲሽ ለቴሌቪዥን ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ኢትዮሳት የሚባሉት የአገራችን ጣቢያዎች የሚመጡበት ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ከዚህ ሆናችሁ ስታዩት ከአድማስ 70 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ ዲሾቻችሁ ወደ ሰማይ አናት የተንጋለሉት ለዚህ ነው። ለሳተላይቱ ፊልቱ ከቦሌ አትርቅም፤ እንዲያውም ወደ ምድር ወገብ ስለምትጠጋ በትንሹ ትቀርባለች። ከሥዕልና ከድምፅ ጎን ፋይል መጫን በዲጂታል ቴሌቪዥን ደንብ ውስጥ ያለ፣ የታወቀ አሠራር ነው።

ሳተላይቱ ላይ የሚዞረው ግን ምን ይሁን? የፈተና ውጤት በዓመት አንድ ቀን ነው። የቀረውን ዓመት የሚሞላው የትምህርት መጻሕፍት፣ የገበያ ዋጋ፣ የክትባት ማስታወቂያ፣ የአየር ትንበያ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከዳ በዚህ አካባቢ የሆነውን እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም። «ጉ» እና «ዴይር» የሚባሉት የዝናብ ወቅቶች ከመግባታቸው በፊት የሚወጣ ትንበያ በሶማሊኛና በኦሮምኛ ተጽፎ፣ መንጋው ከመነቀሉ በፊት ከእረኛው ቢደርስ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግን በዙሩ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ገጽ የሌላውን ገጽ መጠበቂያ ያስረዝማል። የአዲስ አበባ አንባቢ ብዙ ነው፤ የፊልቱ ጥቂት ነው። ታዲያ ዙሩን በምን ሚዛን እንከፋፍለው?

ሙስጠፋ አማርና ዎንግ የመለሱት ይህን ነው፤ የዛሬ ንግግሬም ፍሬ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ገጾች ብቻ እንውሰድ። አንዱን መቶ የአዲስ አበባ ሰው ይፈልገዋል፤ ሌላውን አንድ የፊልቱ ሰው። አንዱን ገጽ ለመላክ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። በጭንቅላት ቁጥር እንከፋፍል ብንል፣ የአዲስ አበባው ገጽ መቶ ጊዜ ሲላክ የፊልቱው አንድ ጊዜ ይላካል። የፊልቱ ሰው በአማካይ ከ50 ደቂቃ በላይ ይጠብቃል። የ101ዱ ሰዎች አማካይ መጠበቂያ ሲሰላ አንድ ደቂቃ ይመጣል። እኩል እናድርግ ብለን አንድ ለአንድ ብናፈራርቃቸው ደግሞ ሁሉም በአማካይ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል። ይገርማል፤ ሁለቱ ተቃራኒ ሚዛኖች ለሕዝቡ በጠቅላላ የሚያስከፍሉት እኩል ነው።

ከሁለቱም የሚሻለው በፈላጊው ቁጥር ስኩዌር ሩት መከፋፈል ነው። የመቶ ስኩዌር ሩት አሥር ነው፤ የአንድ ስኩዌር ሩት አንድ ነው። የአዲስ አበባው ገጽ አሥር ጊዜ ሲላክ የፊልቱው አንድ ጊዜ ይላክ። የአዲስ አበባው ሰው በአማካይ 33 ሰከንድ፣ የፊልቱው አምስት ደቂቃ ተኩል ይጠብቃል። የሁሉም አማካይ ወደ 36 ሰከንድ ይወርዳል። የአንዱ ገጽ ቅጂዎች በእኩል ጊዜ ተራርቀው ይላካሉ ብለን ካሰላን፣ ከዚህ በታች የሚያወርድ ሌላ ክፍፍል የለም፤ ይህ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ልብ በሉ፤ ጥቂቶች ከቁጥራቸው በላይ ድርሻ ያገኙት ለእነርሱ ታዝኖላቸው አይደለም። ለጠቅላላው ሕዝብ የሚበጀው ያ ስለሆነ ነው። በቆላው የሚኖር ሰው ስለ ድርሻው ሲናገር ይህን ስሌት ይዞ ይናገር እላለሁ፤ መምህራን ሆይ፣ ለልጆቹ አስተምሩት።

ስሌቱ የሚሠራው ግን ፈላጊው ከተቆጠረ ነው። ዲሽ ይሰማል እንጂ አይናገርም። የፊልቱ ሰው ገጹን ከሳተላይት ሲይዝ አዲስ አበባ ያለው ዙር አዘጋጅ አያየውም። ፍላጎቱ የሚለካው በኢንተርኔት በሚመጣ ጥያቄ ብቻ ከሆነ፣ ከዚህ የሚመጣው ቁጥር ዜሮ ይሆናል፤ የዜሮ ስኩዌር ሩትም ዜሮ ነው። እንግዲህ በትምህርት ቤቱ የሚቀመጠው መቀበያ ኮምፒውተር የትኛው ገጽ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ መመዝገብ አለበት፤ ማን እንደከፈተው አይመዝግብ፣ ቁጥሩን ብቻ። መልሱን ለመላክ ፈጣን ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ገጽ ሦስት አኃዝ ብንሰጥ የሃምሳ ገጽ ቆጠራ በ150 ያልቃል። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሲም ካርድ ይሰካ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ኔትወርኩ ቀለል በሚልበት ሌሊት፣ አንድ አጭር መልእክት ይላክ። የኮምፒውተር ትምህርት የምትማሩ ልጆች ይህን ፕሮግራም ራሳችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ፤ የፈለጋችሁ ነገ ጠዋት ከዚሁ አዳራሽ ኑና አብረን እንጀምረው።